የጋሽ ዓለሙ ጧፎች

ድንጋዩ ሸዋ ሮቢት የገባ ዕለት ብዙነሽ ጋቢና ውስጥ ቦታ እያለላት ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው። በፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረውን ድንጋይ በአንድ እጇ፣ ጃንጥላዋን በሌላው ይዛ፣ ጣርማበር ላይ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ሲቀበላት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ድንጋይ እኮ ነው፤ ከፊት ይግቡ» ቢላት፣ «ይሄ እንደ ሌላው ድንጋይ አይደለም» አለችው።

እውነትም አልነበረም። ጥቁር ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነገሮች እዚህም እዚያም ተጋድመውበታል፤ ከአንድ ወገን ወፈር ብለው ወደ ሌላው እየሾሉ የሚሄዱ፣ አንዳንዱ ክንድ የሚያህል፣ አንዳንዱ ከጣት የማይበልጥ። መሃል ለመሃላቸው ቀጭን መስመር ያልፋል። የባሏን ሐውልት ልትመርጥ አዲስ አበባ እምነበረድ ቤት የገባችው ብዙነሽ ገና ስታየው እያለቀሰች በእጇ ዳበሰችው።

«ጧፍ!» አለች።

ሻጩ ድንጋዩ ከሞሮኮ መምጣቱን እንጂ ሌላ የሚያውቀው አልነበረውም። ከሚያለቅስ ደንበኛ ጋር መከራከርም ልማዱ አይደለም። «አዎ እናቴ፣ ጧፍ ነው» አላት።

ወሬው በባጃጅ ከተማውን ዞረ። የዓለሙ ሚስት እግዚአብሔር ራሱ ያበራው ጧፍ ያለበት ድንጋይ አመጣች ተባለ። ጎረቤት እየመጣ አየ። አንዲት አሮጊት ተሳለሙት። ብዙነሽም ለመጣው ሁሉ ቀጭኑን መስመር በጣቷ እየተከተለች «ይኸው ፈትሉ» ትላለች፤ «ፈትል ያለው ነገር ከጧፍ ሌላ ምን ይሆናል?»

ልትመልስላት ትችል የነበረችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷም አልመለሰችም። ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ሳምራዊት ጂኦሎጂ ተምራ ለአንድ የውሃ ቁፋሮ ፕሮጀክት የምትሠራ ልጅ ናት። የማለዳ ሰላምታ ሲሰጣት ከንፈሯ በመንቀሳቀሱ ብቻ ነው መልስ መስጠቷ የሚታወቀው። ድንጋዩን ያየችው አሮጊቷ ሲሳለሙት ነበር። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስትወጣ ግድግዳ ታክካ፣ ድንጋዩ ወዳለበት ሳታይ ነው የምታልፈው።

ጋሽ ዓለሙ ያረፈው የዛሬ ዓመት ነው። ዕድሜውን በአይሱዙ ጭነት መኪና ሸዋ ሮቢትና ጂቡቲ መሃል ጨርሶ፣ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ቤት ሲሠራ ነበር። ቦታው እንደ መቀነት ነው፤ ከኋላ ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ጠባብ ሆኖ ይጀምርና ወደ አስፋልቱ ሲመጣ ቀስ እያለ ይሰፋል። ወንደላጤ ሳለ አልጋ ብቻ የምትይዝ ክፍል ከኋላ ሠራ። ሲያገባ ከፊቷ አልጋና ወንበር የምትይዝ ሠርቶ ወደዚያ ወጣና የኋላዋን አከራየ። ቀጥሎም ሰፋ ያለች ሠራ፣ ወደዚያ ወጣ፣ የበፊቷን አከራየ። እንዲህ እያለ ክፍሎቹ በአንድ መስመር እየተቀጣጠሉ፣ እሱና ብዙነሽም ሁልጊዜ ከፊት ባለችው እየኖሩ፣ አስፋልቱ አጠገብ ደረሱ። ከኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ክፍል በስተመጨረሻ ተከራይ ስታጣ የሲሚንቶ ማስቀመጫ ሆነች። ሲሚንቶው ዛሬም እዚያው ነው፤ ደርቆ።

ለዚህ ሁሉ ክፍል ጋሽ ዓለሙ የዘረጋው አንድ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ እየበሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለፈ። አንዱ ጋ ሲከፈት ሌላው ጋ ይቆማል። የግቢው የማለዳ ጸሎት «ማነው የከፈተው?» የሚል ጩኸት ነበር። መኪናውም ግቢ ውስጥ መዞር ስለማይችል ጋሽ ዓለሙ ሁልጊዜ ከአስፋልቱ ጀምሮ ወደ ኋላ ነበር የሚገባው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ «ና! ና! ግራ ስበር!» ይለዋል።

የመጨረሻዋን ክፍል የሠራው ለእህቱ ሲል ነው። ታላቅ እህቱ እትዬ እመቤት የአጣዬ ቤታቸው በተቃጠለ ጊዜ አንድ ጋቢ ለብሰው መጡ። ጋሽ ዓለሙ «እኛ ወደ ፊት እንገፋለን፤ አንቺ በእኛ ቦታ ግቢ» አላቸው። ያኔ ነው እትዬ እመቤት የብዙነሽ የግድግዳ ጎረቤት የሆኑት።

ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ብዙነሽ የነካችውን ነገር «ጥሩ ነው» ብለው አያውቁም። ሽሮዋ ይቀጥናል። መጋረጃዋ ይረዝማል። በባሏ ቀብር ቀን እንኳ፣ ከመቃብሩ ሲመለሱ፣ «ልቅሶውን ቶሎ ጨረስሽው» አሏት። ብዙነሽ ድንጋዩን ጭና ስትመጣ በልቧ የነበረው አንድ ነገር ነው። ሐውልቱ በሙት ዓመቱ ይተከላል፤ የማጀቴና የአጣዬ ዘመድ ዙሪያውን ይቆማል፤ እትዬ እመቤትም ድንጋዩን አይተው፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ጊዜ፣ «ጥሩ ነው» ይላሉ።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የማጀቴ ዘመዶች ደርሰው፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር አጋድሞት ሳለ፣ እትዬ እመቤት የድንጋዩ አጣጠብ ስላልጣማቸው ራሳቸው ሎሚና ሳሙና ይዘው ተቀመጡ። ሲፈገፍጉ ቆዩና እጃቸው ቆመ።

«ብዙነሽ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ነይ እስቲ። ይሄ ጧፍሽ አንጓ አለው።»

ብዙነሽ ጎንበስ አለች። እውነት ነው። ሎሚው አቧራውን ሲያነሳው፣ ትልቁ ጧፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጫጭን አግዳሚ መስመሮች ተከፋፍሎ ታየ፤ ሽንኮራ አገዳ ነው የሚመስለው።

«ፈትሉ ግን ይኸው» አለች።

«ፈትሉን ተይው። አንጓ ያለው ጧፍ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄ ትል ነው! ወንድሜ ላይ ትል ልትጭኚበት ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ሐኪም ቤት ያለ የሰው አከርካሪ ሥዕል ነው የሚመስል» አለ ኢብሮ። ኢብሮ የጋሽ ዓለሙ ረዳት የነበረ፣ ዛሬ የራሱን አይሱዙ የሚነዳ ሰው ነው፤ ድንኳኑን የተከለውም እሱ ነው። ሊያበርድ ብሎ ነበር የተናገረው።

«አከርካሪ!» አሉ እትዬ እመቤት። የማጀቴ ዘመዶች ከጥላቸው ተነስተው መጡ።

በዚህ መሃል የጋሽ ዓለሙ ነፍስ አባት ቄስ ኤፍሬም የነገውን ሊነጋገሩ ገቡ። እትዬ እመቤት ወንበር ሳያቀርቡላቸው ክሱን አቀረቡ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ድንጋዩን ከላይም ከጎንም አዩት፤ በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉት።

«እኔ ጧፍ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ብዙነሽ፣ አትዘኚብኝ፤ ይሄ ጧፍ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ አባ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ምንነቱን የማላውቀውን ነገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አላስገባም። አውሬ ቢሆንስ?»

«አውሬ ከሆነ ወንድሜ ላይ አይቀመጥም» አሉ እትዬ እመቤት። «እኔም አልቆምም፤ ዘመድም አይቆምም።»

ዘመድ ራሱን ነቀነቀ። ብዙነሽ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ መንገድ ታያት፤ ብርዱ፣ ጃንጥላው፣ የተሳለሙት አሮጊት። ነገ መቃብሩ ባዶውን ሊቀር ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እስክትሞት ድረስ ከግድግዳው ማዶ «ያ ትልሽ» ሲባል ልትሰማ ነው።

«ኧረ ቆይ!» አለ ኢብሮ። «ድንጋይ የተማረች ልጅ እዚሁ ግቢ አለች እኮ! ሳምሪ! ሳምራዊት!»

ሳምራዊት በሯ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ወጣች። የዚያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ ሲያርፍባት ተመልሳ ልትገባ ቃጣት፤ ኢብሮ ግን በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ኤፍሬም።

ሳምራዊት ወደ መሬት እያየች አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አሉ ከማጀቴ የመጡት ሽማግሌ።

«በሕይወት ነበር ትላለች!» ብሎ ኢብሮ ለድንኳኑ ሁሉ ጮኸ። ከዳር የነበረች አንዲት ሴት «ማን? ዓለሙ?» ብላ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ ስታደርግ ያዟት።

«እንስሳው ነው» አለች ሳምራዊት፣ አሁን ትንሽ ከፍ አድርጋ። «የባሕር እንስሳ። ከሞተ በኋላ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድንጋይ የሆነ ነው። አጥንት የለውም። ስኩዊድ የሚባለው... የሱ ዘመድ ነው።»

«አውቀዋለሁ!» አለ ኢብሮ። «ጂቡቲ ወደብ ላይ ከጋሽ ዓለሙ ጋር አይተነዋል። እግሩ ከራሱ ላይ የሚበቅል! ወላሂ፣ ጋሽ ዓለሙ ከመኪናው አልወርድም አለ።»

«እግሩ ከራሱ ላይ!» እትዬ እመቤት ደረታቸውን ያዙ። «አባ፣ ሰሙ?»

«ስንት እግር አለው?» አሉ ሽማግሌው።

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለስላሳ ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል። ምናልባት አስር።»

«ክንፍና ቅርፊት እንደ ዓሣ አለው?» አሉ ቄሱ።

«የለውም።»

«እንግዲያ አይበላም።»

«ሰማሽ ብዙነሽ? የማይበላ ነገር ነው ያመጣሽው!»

ቄስ ኤፍሬም ወደ እትዬ እመቤት ዞሩ። «እመቤት፣ የሚበላስ ቢሆን ድንጋዩን ልትቆረጥሚው ኖሯል?» አሏቸው። ከዚያ ወደ ሳምራዊት ተመለሱ። «ከጥፋት ውሃ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት።»

«ብዙ በፊት?»

ሳምራዊት አመነታች። «በጣም ብዙ፣ አባ።»

ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በቃ። ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ።»

የብዙነሽ እጅ ግን ትልቁ ጧፍ ላይ እንዳለ ነው። «ታዲያ ፈትሉ?» አለች። «ፈትሉስ ምንድን ነው?»

ሳምራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ጣቷን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፍ ድንኳኑንም ዘመዱንም የረሳች መሰለች።

«ይሄ ቤቱ ነው፣ እትዬ ብዙነሽ። ዛጎል ነው፤ ቀጥ ያለ። እንስሳው ሲፈለፈል በጣም ትንሽ ነው፤ ቤቱም እዚች ጫፍ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ብቻ ናት።»

«አልጋ ብቻ የምትይዝ» አለች ብዙነሽ፣ ለራሷ።

«ሲያድግ ትጠበዋለች። ስለዚህ ከፊቷ ሰፋ ያለ ክፍል ይሠራና ወደዚያ ይወጣል። የኋላዋን በግድግዳ ይዘጋታል። እንደገና ሲያድግ እንደገና ከፊት ይሠራል፣ ይወጣል፣ የኋላውን ይዘጋል። እነዚህ አንጓዎች ያላችኋቸው ግድግዳዎቹ ናቸው። ሁልጊዜ የሚኖረው በመጨረሻዋ፣ በትልቋ፣ ከፊት ባለችው ክፍል ነው።»

የሰዉ ራስ ቀስ እያለ ከድንጋዩ ወደ ክፍሎቹ ዞረ፤ ከማንጎው ሥር ካለችው ጠባብ እስከ አስፋልቱ ድረስ በአንድ መስመር ወደተደረደሩት።

«የኋላዎቹን ያከራያቸዋል?» አሉ የማጀቴው ሽማግሌ።

«አያከራይም» አለች ሳምራዊት፣ ቀልድ መሆኑ ሳይገባት። «መጀመሪያ ውሃ ነው ያለባቸው። ይሄ ፈትል የምትሉት ቱቦ ነው፤ ግድግዳዎቹን እየበሳ በሁሉም ክፍል ያልፋል። በሱ ውሃውን ከየክፍሉ መጥጦ ያወጣል፤ ክፍሎቹ አየር ሲሞሉ ይንሳፈፋል።»

«አንድ ቱቦ?» አሉ እትዬ እመቤት።

«አንድ።»

«ለዚያ ሁሉ ክፍል?»

«ለሁሉም።»

«ቀጭን ነው?»

«በጣም ቀጭን።»

እትዬ እመቤት ሳሙና በያዘ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ብዙነሽ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር።

«ግን አንድ ችግር ነበረበት» ቀጠለች ሳምራዊት፤ አሁን ማንም «ምን አለች?» ማለት አላስፈለገውም። «ራሱና እጆቹ ከፊት ስለሚከብዱ አየር የሞላው ኋላው ወደ ላይ ይነሳበታል። አንዳንዶቹ ታዲያ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች ኖራ እየሞሉ ሚዛን ይጠብቃሉ።»

«ሲሚንቶ!» ብሎ ኢብሮ ጭኑን መታ። «ከኋላ ካልጫንክ የመኪናዋ አፍንጫ ይደፋል ይለኝ ነበር ጋሽ ዓለሙ! አንቺ ልጅ፣ አካሄዱስ? ሲሄድ በየት ነው የሚሄደው?»

«ውሃ ከፊቱ በኃይል ይተፋና ወደ ኋላ ይሄዳል። ፈጠን ማለት ሲፈልግ ሁልጊዜ በጀርባው ነው።»

ኢብሮ ሊናገር ሞከረ፤ አልቻለም። የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ሳቀ፤ እንባውን በክንዱ ጠረገ፤ እንደገና ሳቀ። «ና! ና!» አለ በመጨረሻ፣ «ግራ ስበር!» በዚህ ጊዜ የቀረው ሰውም አብሮት ፈረሰ። ቄስ ኤፍሬም በመስቀላቸው አፋቸውን ከለል አድርገው ወደ ማንጎዎቹ ማየት ጀመሩ። ለሙት ዓመት የመጣ ዘመድ እንዲያ ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም። ብዙነሽም ሳቀች። ዓመት ሙሉ ያልሳቀችውን።

ሳምራዊት ብቻ ግራ ገብቷት ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። «የተሳሳትኩት ነገር አለ?»

«የለም፣ ልጄ» አሉ እትዬ እመቤት፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ወንድሜን ነው የነገርሽን።» ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ዘሩስ? ዛሬ አለ?»

«ቀጥ ያሉት ሁሉ አልቀዋል፣ እትዬ። ሲጀመር ዘራቸው ትንሽዬ፣ ጎበጥ ያለ ነበር። ኋላ ቀጥ እያሉ ረዘሙ፤ ከዚህ ድንኳን ምሰሶ የሚበልጡም ነበሩ። ከመሃላቸው ቤታቸውን እንደ ቀንድ አውጣ የጠቀለሉ ወጡ። ሌሎቹ ደግሞ ቤቱን እያሳነሱ እያሳነሱ መጥተው ጨርሰው ጣሉት። ስኩዊድ ከነሱ ወገን ነው።»

«ቤታቸውን የጣሉት ናቸው የተረፉት?»

«አብዛኞቹ። ቤቱን ይዞ እስከ ዛሬ የዘለቀ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከተጠቀለሉት።»

እትዬ እመቤት ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። አጣዬን ማንም አላነሳም። ብዙነሽ ግን አንድ ጋቢ ለብሰው የመጡበት ቀን፣ በሩን የከፈተችላቸውም እሷ እንደነበረች ትዝ አላት።

«አባ፣ ይግባ ነው የሚሉት?» አሉ እትዬ እመቤት።

«የፈጠረው ያው አንድ ነው» አሉ ቄስ ኤፍሬም። «ዓለሙም ከኔ ይልቅ ከዚህ እንስሳ ጋር ሳይስማማ አይቀርም። ይግባ።»

እትዬ እመቤት ሎሚያቸውን አነሱ። «ውሃ አምጡልኝ፤ ሳሙናው ደረቀ።»

ብዙነሽ ቧንቧውን ከፈተች። አንድ ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። እትዬ እመቤት ወደ ክፍሎቹ ዞረው ጮኹ፦ «ማነው የከፈተው?»

በማግስቱ ድንጋዩን የጫነው የኢብሮ አይሱዙ ነው። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በሁለት አጥር መሃል ስለሚያልፍ መዞሪያ የለውም። ኢብሮ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። ከዘመዱ ፊት ወጥተው፣ ነጠላቸውን አስረው፣ በሁለት እጃቸው «ና! ና!» ያሉት እትዬ እመቤት ናቸው። «ግራ ስበር! ና! አጥሩን አየኸው? ና!»

ሲተክሉት ደግሞ ክርክር ተነሳ። ብዙነሽ የትልቁ ጧፍ የሾለው ጫፍ ወደ ላይ እንዲሆን ፈለገች፤ እንደ ጧፍ። ኢብሮ ሰፊው ወደ ላይ አለ። እትዬ እመቤት ሁለቱንም ዝም አሰኝተው ድንጋዩን በቁመቱ ሳይሆን በጎኑ አስተኙት፤ ሰፊዋ ክፍል ወደ አስፋልቱ፣ ጠባቧ ወደ ኋላ። የግቢውን አቀማመጥ ሁሉም ያውቀዋል።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ያኔ ድንጋዩን የተሳለሙት አሮጊት በምርኩዛቸው እየተጎተቱ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ጧፉ እንዴት ያምራል!» አሉ።

ብዙነሽ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እትዬ እመቤት ቀደሟት።

«ጧፍ አይደለም፣ እናቴ። ቤት ነው። ብዙነሽ ናት የመረጠችው።» በነጠላቸው ጫፍ ከድንጋዩ ላይ የሌለ አቧራ ጠረጉ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ቧንቧው ብቻ ነው የሚያስቸግረው።»